ከመዝገብ ቤት መደርደሪያ፦ የድሬዳዋና የሐረር ገጠር ትምህርት ቤቶችን ታሪክ ለመጻፍ

የገጠር ትምህርት ቤት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ለበዓል ነው። ትምህርት ቤቱ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ወይም አዲስ ብሎክ ሲመረቅ አንድ ገጽ ይዘጋጃል። «በዚህ ዓመት በአንድ መምህርና በጥቂት ተማሪዎች ሥራ ጀመረ» ይልና በቀጥታ ወደ አሁኑ የተማሪ ቁጥር ይዘልላል። መሬቱን ማን ሰጠ፣ ድንጋዩን ማን ፈለጠ፣ ልጆቹ በስንተኛ ክፍል ቀሩ፣ ትምህርቱ በምን ቋንቋ ይሰጥ ነበር፣ ጦርነቱ ሲመጣ ወንበርና ጠረጴዛው የት ደረሰ የሚለው ሁሉ ይቀራል። የሚቀረው ሳይጻፍ ቀርቶ አይደለም። በሮስተሩ (በተማሪዎች ዓመታዊ የውጤት መዝገብ)፣ በቃለ ጉባኤውና በንብረት መዝገቡ ላይ ተጽፏል፤ አውጥቶ የሚያነብ ነው የጠፋው።

ይህ ሥራ አሁን መሠራት ያለበት በግልጽ ምክንያት ነው። በ2015 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አወቃቀሩን ወደ 6-2-4 (6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ) መልሶታል። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በአንድ ግቢ ያስተምሩ የነበሩ የገጠር ትምህርት ቤቶች 7ኛና 8ኛን በመካከለኛ ደረጃ ለይተው እያደራጁ ነው። ክፍል ሲለይ፣ ቢሮ ሲቀየር፣ ርዕሰ መምህር ሲዛወር መጀመሪያ «አሮጌ ወረቀት» ተብሎ የሚወጣው የሠላሳና የአርባ ዓመቱ ሮስተር ነው። አንዴ ከተጣለ ቅጂው ሌላ ቦታ አይገኝም።

ከአንድ ትምህርት ቤት ይልቅ ጉድኝቱን ያዙ

አንድን ትምህርት ቤት ብቻውን ይዞ ታሪክ መጻፍ አያዋጣም። በ1986 ፖሊሲ የመጀመሪያው እርከን ከ1ኛ እስከ 4ኛ፣ ሁለተኛው ከ5ኛ እስከ 8ኛ ነበር። በገጠር ብዙዎቹ ሳተላይት ትምህርት ቤቶች (በአንድ ማዕከል ትምህርት ቤት ዙሪያ ያሉት) ለረጅም ጊዜ 4ኛ ክፍል ላይ ይቆሙ ነበር፤ ልጁ 5ኛ ክፍል ለመግባት ወደ ማዕከሉ መሄድ ነበረበት። ስለዚህ የሳተላይቱ መዝገብ ልጁን 4ኛ ላይ ይለቀዋል፣ የማዕከሉ ደግሞ 5ኛ ላይ «አዲስ ገቢ» ብሎ ይቀበለዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ካላስቀመጣችሁ ስንቱ ልጅ በመንገድ እንደቀረ አታውቁም። ለታሪኩ ትክክለኛው መጠን ጉድኝቱ ነው፤ ማዕከሉና በዙሪያው ያሉት ሳተላይቶች፣ በአንድ ሱፐርቫይዘር የሚታዩት።

በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠሩ ቢዮ አዋሌ፣ ዋሂል፣ ጀልዴሳና አሰሊሶ ተብሎ በአራት ይከፈላል። በሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎቹ ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጠያራ ናቸው። ጉድኝቶቹ በእነዚህ ውስጥ ናቸው፤ የአካባቢዎቹ ጠባይ ግን አንድ አይደለም። ቢዮ አዋሌና ዋሂል በኩል ማሽላ፣ በቆሎና ጫት የሚያመርት ገበሬ ይበዛል። ጀልዴሳና አሰሊሶ በኩል ሶማሊኛም ኦሮምኛም የሚነገርበት፣ ከብትና ግመል ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ሕዝብ ያለበት ቆላ ነው። ጀልዴሳ ባቡር ሳይገባ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚሄደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ኬላ ነበረች። በ1895 ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ተነቅሎ ወደ አዲሱ ከተማ ሄደ። በኋላ ትምህርት ቤቶቹም ንግዱ ባለበት፣ በድሬዳዋና በሐረር ከተማ፣ መጀመሪያ መከፈታቸው አይገርምም። ገጠሩ ለብዙ ዘመን የነበረው ቁርአን ቤቱ ነው። ልጅ በእንጨት ሉሕ ላይ ፊደል ቆጥሮ ማንበብ የጀመረው እዚያ ነው፤ ስለዚህ «ትምህርት የተጀመረው በዚህ ዓ.ም ነው» ከማለት «የመንግሥት ትምህርት ቤት የተከፈተው በዚህ ዓ.ም ነው» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ማህተሙን ማንበብ

ቀን የሌለው ወረቀት ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ ማህተሙን ተመልከቱ። «የትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር» ወይም «የሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት» የሚል ከሆነ የንጉሡ ዘመን ወረቀት ነው። «ክፍለ ሀገር» እና «ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት» የሚለው ከ1967 ወዲህ ነው። «ኢሕዲሪ» (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ከ1980 ወዲህ ነው፤ ሐረርጌ ተከፍሎ ድሬዳዋ ራስ ገዝ የተባለችውም በዚያው አዲስ አከላለል ነው። «ክልል 13» የሽግግሩ ዘመን የሐረሪ መጠሪያ ነው። «ኢፌዴሪ» የሚለው ከነሐሴ 1987 በፊት ሊኖር አይችልም። የድሬዳዋ አስተዳደር ቻርተር ደግሞ በአዋጅ 416/1996 የወጣ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ማህተም የሚነግራችሁ ወረቀቱ «ከዚህ በፊት ሊሆን አይችልም» የሚለውን ብቻ ነው። አዲስ ማህተም እስኪቀረጽ ድረስ በአሮጌው መጠቀም በገጠር የተለመደ ነው፤ «ክፍለ ሀገር» የሚል ማህተም ያለበት የ1984 መሸኛ ብታገኙ ሐሰተኛ ነው ብላችሁ አትጣሉት። ማህተሙን ከፊርማው፣ ከወረቀቱ ራስጌና ከተጻፈበት ፊደል ጋር አስተያዩት።

ማህተሙ ወረቀቱን የት እንደምትፈልጉም ይነግራችኋል። ሐረር የጠቅላይ ግዛቱም የክፍለ ሀገሩም ዋና ከተማ ስለነበረች የድሬዳዋ ገጠር ትምህርት ቤቶች የድሮ ደብዳቤ የሚሄደው ወደ ሐረር ነበር። ከ1980 በፊት የነበረውን በድሬዳዋ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ያጣል። ዛሬ በምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ያሉ አንዳንድ ትምህርት ቤቶችም ያኔ ከእነዚህ ጋር በአንድ አውራጃ ስር ስለነበሩ ተማሪና መምህር ይለዋወጡ ነበር። ለፍለጋ ስትሄዱ የአሁኑን የክልል ወሰን ለጊዜው እርሱት፤ የምትጠይቁት አውራጃውን ነው።

ዓመተ ምሕረቱን ማስተካከል

በትምህርት ቤት ወረቀት ላይ ሦስት አቆጣጠር ይቀላቀላል። ሮስተሩ በእኛ ነው። የለጋሽ ድርጅት ሪፖርትና የሕንፃ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ በፈረንጆች ነው። የቁርአን ቤትና የአንዳንድ ቤተሰብ ወረቀት በሂጅራ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የፈረንጆቹን ዓመት ለማግኘት 7፣ ከዚያ በኋላ ላለው ጊዜ 8 ይደመራል። የትምህርት ዘመን ደግሞ ሁለቱንም ያቋርጣል፤ «የ1970 የትምህርት ዘመን» በፈረንጆች 1977 ተጀምሮ 1978 ያልቃል። ሂጅራ በጨረቃ ስለሚሄድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ያጥራል፤ ቋሚ ቁጥር በመቀነስ አይገኝም፣ በሰንጠረዥ ነው የሚመለሰው።

የክፍል ደረጃም እንደዚሁ ነው። በንጉሡ መጨረሻና በደርግ ዘመን አወቃቀሩ 6-2-4 ነበር፤ 6ኛና 8ኛ ክፍል ላይ አገር አቀፍ ፈተና ነበር። ከ1986 ፖሊሲ በኋላ 8-2-2 ሆነ፣ አሁን ደግሞ ወደ 6-2-4 ተመልሷል። ስለዚህ «6ኛን ጨርሷል» የሚለው ቃል የ1965 ሰው ሲናገረውና የ1995 ሰው ሲናገረው ክብደቱ ይለያያል። ለመጀመሪያው ሚኒስትሪ የወሰደ ሰው ነው፣ በወረዳው ውስጥ ጸሐፊ ሊሆን የሚችል። ለሁለተኛው ከሁለተኛው እርከን መሐል የወጣ ልጅ ነው።

ሮስተር

ዋናው ሰነድ ይህ ነው፣ ጊዜያችሁንም እዚህ ላይ አውሉት። የተለመደው ሮስተር ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜ፣ የየትምህርቱ ውጤት፣ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃና መጨረሻ ላይ «ምርመራ» የሚል ዓምድ አለው። አብዛኛው ሰው የሚያየው አማካዩን ነው። የታሪክ ጸሐፊ የሚያየው ምርመራውን ነው፤ «ተዛወረ»፣ «አቋረጠ»፣ «ደገመ» የሚሉት ቃላት የአካባቢው ሕይወት የተመዘገበባቸው ናቸው።

ሮስተርን ብቻ ማመን ግን አይገባም። የሚሞላው በዓመቱ መጨረሻ ነውና በመስከረም ተመዝግቦ በኅዳር የቀረ ልጅ ስም ሳይገባ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የመስከረሙን የስም መቆጣጠሪያ ፈልጋችሁ ከሮስተሩ ጋር አወዳድሩት። በተቃራኒውም ስህተት ይኖራል። መጽሐፍና የትምህርት ቤት ድጎማ የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ስለሆነ ከትምህርት የቀረ ልጅ ስም በዝርዝር ላይ እንዲቆይ የሚገፋ ነገር አለ። ዕለታዊው መቆጣጠሪያ ላይ ለሦስት ሳምንት ተከታታይ የቀሪ ምልክት ያለው ልጅ፣ በሪፖርቱ ላይ «ተማሪ» ተብሎ ቢቆጠርም፣ ለእናንተ ታሪክ የቀረ ልጅ ነው።

ልጆች ምን ያህል ርቀት እንደተጓዙ ለማወቅ አንድ ምድብ ይዞ መከተል ነው። ለምሳሌ ያህል እንቁጠር። በ1988 መስከረም 1ኛ ክፍል 60 ልጆች ተመዘገቡ እንበል፤ በ1991 በዚያው ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍል 33 ልጆች አሉ። ብዙ ሰው 33ን ለ60 አካፍሎ 55 በመቶ ደርሰዋል ይላል። ስም በስም ሲታይ ግን ከ33ቱ ስድስቱ ደጋሚዎች ወይም ከሌላ ቦታ የመጡ ሆነው ይገኛሉ። ከመጀመሪያዎቹ 60 የደረሱት 27 ናቸው፣ 45 በመቶ ማለት ነው። ይህን ለሴትና ለወንድ ለየብቻ ሥሩት። በአብዛኛው የገጠር ሮስተር ላይ ትልቁ ቅናሽ የሴቶቹ ነው፣ የሚታየውም ከ4ኛ ወደ 5ኛ ሲታለፍ ነው፤ ማዕከሉ ሩቅ በሆነበት ወላጅ ሴት ልጁን በዚያ መንገድ አይልክም። በ1986 ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል በቀጥታ ማለፍ ስለነበረ የእነዚህ ክፍሎች «ደገመ» ቁጥር ትንሽ ሆኖ ብታዩት ልጆቹ ጎበዝ ስለሆኑ አይደለም፤ ችግሩ ወደ 4ኛ ተላልፏል።

ስም በስም መከተል ከባድ የሚሆነው በአጻጻፉ ነው። አንዱ ልጅ በአንድ ዓመት መሐመድ፣ በሌላው ሙሐመድ፣ በሦስተኛው ማሀመድ ተብሎ ይጻፋል። ከ1984 ወዲህ በኦሮምኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች በቁቤ (በላቲን ፊደል) መጻፍ ሲጀምሩ ደግሞ ያው ስም በሌላ ፊደል ይመጣል። በእነዚህ ቀበሌዎች የራስና የአባት ስም አንድ የሆነባቸው ልጆች በአንድ ክፍል ሁለትና ሦስት መገኘታቸው ብርቅ አይደለም። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ካርድ መክፈት ነው፤ የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት፣ የጎጥ ስምና መጀመሪያ የተመዘገበበት ዓመት። የአያት ስም በሮስተሩ ላይ ከሌለ በግል ማኅደሩ ወይም በመሸኛው ላይ ይገኛል። ዕድሜ ግን ለመለያ አይሆንም። መደበኛው መግቢያ 7 ዓመት ስለሆነ በብዙ የ1ኛ ክፍል መዝገብ ላይ ሁሉም ልጅ 7 ዓመቱ ነው።

ከዓመቱ ቁጥር ይልቅ የወሩ ቁጥር የበለጠ ይናገራል። የመስከረምን፣ የታኅሣሥን፣ የየካቲትንና የሰኔን ተማሪ ለየብቻ ቁጠሩ። ማሽላ በሚታጨድበት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሚቀንሰው የገበሬው ልጅ ነው፤ ብዙው ይመለሳል። በቆላው በበጋ ሣርና ውኃ ፍለጋ ቤተሰቡ ሲነሳ የሚቀንሰው ግን ሳይመለስ ሊቀር ይችላል፣ ምርመራው ላይ ግን ሁለቱም «አቋረጠ» ተብለው ይጻፋሉ። የጫት ለቀማና የገበያ ቀን ደግሞ በሳምንት ውስጥ ይታያል፤ በየሳምንቱ በአንድ ቀን ብቻ የቀሪ ምልክት የሚበዛ ከሆነ ገበያው የትኛው ቀን እንደነበር ጠይቁ።

የጎደሉ ዓመታትም ሰነድ ናቸው። የ1970 መዝገብ ጭራሽ ከሌለ ወይም በመጋቢት ከጀመረ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የሶማሊያ ጦር በ1969 ክረምት ገብቶ፣ በነሐሴ ድሬዳዋን አጥቅቶ፣ ሐረርንም እስከ በጋ ሲያሰጋት ቆይቷል፤ ካራማራ በኢትዮጵያ ጦር የተመለሰው በየካቲት 26 ቀን 1970 ነው። በዚህ መሐል በገጠሩ ትምህርት መስጠት አዳጋች ነበር። የ2012 መዝገብም በመጋቢት ይቆማል፤ በኮሮና ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ወር ነው። እንዲህ ያለውን ባዶ ገጽ «መዝገቡ ጠፍቷል» ብላችሁ አትለፉት፤ ጠፍቶ ይሁን ሳይከፈት ቀርቶ ለዩ። ተከታታይ ቁጥር ባለው ደብተር ላይ ገጾቹ ካልተቀደዱ መጀመሪያውኑ አልተሞላም ማለት ነው።

ቃለ ጉባኤና ሞዴል 19

ትምህርት ቤቱን ማን እንዳቆመው የሚገኘው በቃለ ጉባኤ ነው። በንጉሡ ዘመን ከ1940 ጀምሮ የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ይከፈል ነበር፤ ገጠሩ ከፍሎበት ትምህርት ቤቱ ግን ከተማ ውስጥ ነበር። ይህ አድልዎ በግልጽ መጻፍ ያለበት ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስዊድን እርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታ ወደ ገጠር ሲወጣም ኅብረተሰቡ ድርሻውን ማዋጣት ነበረበት። ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ ጉባኤውን የሚመራው ባላባትና ጭቃ ሹም መሆኑ ቀርቶ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሆነ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ የወጣው አዋጅም ትምህርት ቤትን በሕዝብ ኮሚቴ ስር አደረገ። በ1994 የወጣው መመሪያ ደግሞ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድንና የወላጅ መምህር ኅብረትን ሥራ ዘረዘረ። የፈራሚዎቹን ማዕረግ ብቻ በመከተል የአካባቢው ሥልጣን ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ታነባላችሁ።

ቃለ ጉባኤ ስታነቡ ውሳኔውንና የተፈጸመውን ለዩ። «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምንም አያረጋግጥም። ማረጋገጫው ንብረት ክፍል ነው። ንብረት ገቢ የሚሆነው በሞዴል 19 ነው፣ ወጪ የሚሆነው በሞዴል 22፣ ጥሬ ገንዘብ የሚሰበሰበው በሞዴል 64። ጉባኤው 80 ቆርቆሮ ለመግዛት ወስኖ ሞዴል 19 ላይ 60 ብቻ ቢገባ የ20ውን ታሪክ መጠየቅ ነው፤ ዋጋ ጨምሮ ሊሆን ይችላል፣ መዋጮው ሳይሟላ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ለመወንጀል አትቸኩሉ፤ የሞዴሉ ጥራዝ አልቆ በተራ ወረቀት የተመዘገበ ገቢም አለ። የጉልበት፣ የድንጋይ፣ የአሸዋና የውኃ መዋጮ በሞዴል አይገባም፣ ስለዚህ ከሒሳቡ ይቀራል። በእነዚህ ቀበሌዎች ግን የሕንፃው ትልቁ ክፍል እሱ ነው። ቃለ ጉባኤው «እያንዳንዱ አባወራ ይህን ያህል ሸክም ድንጋይ» ካለ ያን ቁጥር በአባወራው ብዛት አባዝታችሁ ጻፉት።

ግድግዳው

ግቢ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ብሎክ ለየብቻ መዝግቡ። በእንጨትና በጭቃ የተሠራው፣ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ፣ በሲሚንቶ የተያያዘ ግንብና ብሎኬት ብዙ ጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል የቆሙ ናቸው። ክፍሉን በሜትር ለኩ። 7 በ8 አካባቢ የሆነው በመደበኛ ፕላን የተሠራ ነው፤ ጠበብ ያለውና ያልተስተካከለው ሕዝቡ በራሱ ያቆመው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። የጣሪያው ማገር ባሕር ዛፍ ነው ወይስ ብረት፣ መስኮቱ የእንጨት ነው ወይስ የብረት፣ ወለሉ አፈር ነው ወይስ ሊሾ፣ ጥቁር ሰሌዳው ጣውላ ነው ወይስ ግድግዳው ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ፣ ሁሉም ይጻፍ። በአንዳንድ ትምህርት ቤት ሰሌዳው የሚጠቁረው ከባትሪ ድንጋይ ውስጥ በሚወጣ ጥቁር ዱቄት ነው፤ ዱቄቱ መርዛማ ነገር ስላለበት ልጆች እንዲፈጩት ማድረግ አይገባም፣ ዛሬም የሚደረግ ከሆነ ይቁም።

በር ላይ የተለጠፈው የለጋሽ ሰሌዳ ጣሪያውን ማን እንደገዛ እንጂ ትምህርት ቤቱን ማን እንደሠራ አይናገርም። ሰሌዳው ላይ ያለውን ስም ስትጽፉ በዚያው ዓመት ቃለ ጉባኤ ላይ ያለውን የሕዝብ መዋጮ አብራችሁ ጻፉ። አሮጌ ብሎክ ከመፍረሱ ወይም ከመለሰኑ በፊት አራቱንም ጎን ፎቶ አንሱ፤ ልስን ከወጣበት በኋላ የግንቡ ዓይነት አይታወቅም።

ቋንቋውና ፊደሉ

በዚህ አካባቢ የመማሪያ መጽሐፍ በራሱ ዘመን ነጋሪ ነው። አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ የሆነው በ1956 ነው። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ኦሮምኛም ሶማሊኛም የሚጻፉት በኢትዮጵያ ፊደል ነበር፤ በፊደል የተጻፈ የኦሮምኛ ማንበቢያ ብታገኙ የዚያ ዘመን የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከ1984 ወዲህ ኦሮምኛው በቁቤ ሆነ። የ1986 ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ካደረገ በኋላ በድሬዳዋ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ፣ በሐረሪ ክልል አማርኛ፣ ሐረሪና ኦሮምኛ ማስተማሪያ ሆኑ።

ውጤቱ በብዙ ቤት ውስጥ ይታያል። አያት በቁርአን ቤት ዐረብኛውን፣ አባት በዘመቻው ኦሮምኛን በፊደል፣ ልጅ ደግሞ በትምህርት ቤት ያንኑ ቋንቋ በቁቤ ተምረዋል። ሦስቱም ማንበብ ይችላሉ፤ አንዱ የሌላውን ደብተር ግን ላያነብ ይችላል። አባት የልጁን ሪፖርት ካርድ ሳያነብ የሚፈርመው ካለመማር ብቻ አይደለም። ይህን ያላስተዋለ የትምህርት ቤት ታሪክ ወላጁን «ያልተማረ» ብሎ ያልፈዋል፣ ይህ ደግሞ በደል ነው።

ሽማግሌዎችን መጠየቅ

«በስንት ዓ.ም ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚያመጣው ግምት ነው። በሚታወቅ ነገር አስጠግቶ መጠየቅ ይሻላል፤ ብሩ ከመቀየሩ በፊት ነው በኋላ (1969)፣ ሶማሊያ ሳትገባ ነው ከወጣች በኋላ (1970)፣ ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ፣ ደቻቱ ሞልቶ ሰው የጨረሰ ዓመት (1998) ትምህርት ቤቱ ስንተኛ ክፍል ደርሶ ነበር። አንድ ነገር በሁለት ወገን ሰዎች ይጣራ፤ መሬቱን የሰጠው ቤተሰብና የጎረቤቱ ቤተሰብ የሚናገሩት ሲለያይ ሁለቱንም ጻፉ፣ የይዞታው ካርታ ካለ አያይዙ። ሴቶችን ለይታችሁ ጠይቁ። ለግንባታው ውኃ የቀዱት እነሱ ናቸው፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ስማቸው የለም። ለመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ደግሞ ትልቁ ጥያቄ ደወሉ ነው፤ ምን ነበር፣ ከየት መጣ፣ የት ተሰቀለ። የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ከሆነ ቸርኬውን የሰጠ ሰው ይታወሳል፤ ከእሱ የመጀመሪያው ኮሚቴ፣ ከኮሚቴው ደግሞ የመጀመሪያው ዳስ የተጣለበት ቦታ ይወጣል።

ወረቀቱን ማዳን

በቆላው ዋናው ጠላት ምስጥ ነው፣ ቀጥሎ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ከዚያ አይጥና አቧራ። መዝገብ መሬት ላይም ግድግዳ ተደግፎም አይቀመጥ። ከወለሉ 30፣ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የራቀ የብረት መደርደሪያ ይበቃል፤ የምስጥ የጭቃ መስመር ከወለል ወደ እግሩ ሲወጣ በዓይን እንዲታይ ነው ክፍተቱ የሚያስፈልገው። በየሁለት ሳምንቱ ከሥሩ ተመልከቱ። ወረቀትን በላስቲክ ከረጢት አስራችሁ አታስቀምጡ፤ ያለው እርጥበት ስለማይወጣ ይሻግታል። የዝናብ ፍርሃት ካለ በካርቶን አድርጋችሁ ከላይ ብቻ ሸፍኑት። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፣ ከዓመታት በኋላ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ጽሑፉን ይበላል። የዛገ አግራፍና ስፒል በጥንቃቄ አውጥታችሁ በጥጥ ክር እሰሩት። የራሰ መዝገብ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ጥላ ባለበትና ነፋስ በሚያልፍበት ገጾቹ በቀስታ እየተገለጡ ይደርቃል። ሐረር ውስጥ በሸሪፍ ሙዚየም ለዘመናት የቆዩ የእጅ ጽሑፎች የሚጠገኑበትና የሚጠረዙበት ሙያ አለ፤ ክፉኛ ለተጎዳ መዝገብ ምክር መጠየቅ ይቻላል።

ፎቶ ማንሳት በስልክ ይበቃል፣ በሥርዓት ከተሠራ። መዝገቡን በመስኮት ብርሃን አጠገብ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አድርጉ፤ ፍላሽ አትጠቀሙ፤ ስልኩን ከገጹ ትይዩ ያዙ። መጀመሪያ ሽፋኑን፣ ከዚያ ባዶዎቹን ጨምሮ እያንዳንዱን ገጽ በተራ። ባዶ ገጽ ከተዘለለ በኋላ ላይ የተቀደደ ይመስላል። ባለ 300 ገጽ መዝገብ በአንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን 1.2 ጊጋባይት ያህል ነው፤ የአንድ ጉድኝት ሁሉ በአንድ ትንሽ ሐርድ ዲስክ ይገባል። የፋይሉ ስም ከዓመት ይጀምር፣ ለምሳሌ «1974-ሮስተር-4ኛ-001»፤ በትምህርት ቤቱ ስም ከጀመረ የጉድኝቱ ፋይሎች በዘመን ቅደም ተከተል አይሰለፉም። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ከላካችሁት መጠኑ ስለሚቀንስ ደቃቁ ጽሑፍ ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ላኩት።

ለሕዝብ የምታወጡት ድምሮችን፣ ቃለ ጉባኤዎችንና የሕንፃ ታሪኩን ነው። የልጆች ስም ከነውጤቱ አይወጣም፣ ልጁ ዛሬ አያት ቢሆን እንኳ። የፎቶዎቹ አንድ ቅጂ በማዕከሉ ትምህርት ቤት፣ አንዱ በትምህርት ቢሮው፣ አንዱ ከግቢው ውጭ በወላጅ መምህር ኅብረቱ ሰብሳቢ እጅ ይሁን። ዋናው መዝገብ ከትምህርት ቤቱ አይውጣ፤ የግድ ከወጣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ፣ ስንት ገጽ እንዳለው ተጽፎ፣ ተረካቢው ፈርሞ ይሁን። ርዕሰ መምህሩ ሲዛወር የመዝገብ ሣጥኑ ቁልፍ ከሌላው ንብረት ጋር በርክክቡ ዝርዝር ውስጥ በራሱ ተራ ቁጥር ይግባ።